የጃቫ ገጠር መንደር ኑሮና መሬት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባለቤቴ የማዕከላዊ ጃቫ የገበሬ ልጅ ናት፤ ወዳጆች፣ በተለይ ዓረብ አገር ከኢንዶኔዥያውያን ጋር የሠሩ እህቶች፣ የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጃቫ የት ናት? መንደሩስ ምን ይመስላል?

ጃቫ ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች አንዷ ናት፤ ጃካርታም ያለችው እዚያ ነው። በ2020 ቆጠራ ከ151 ሚሊዮን በላይ ሰው ተቆጥሮባታል፤ ስፋቷ ግን የኢትዮጵያን አንድ ስምንተኛ አይሞላም። ስለዚህ ገጠር ስል ከአንዱ ጎጆ እስከ ሌላው ሜዳ የሚታይበትን ገጠር አታስቡ። ቤቶቹ በኮኮናት፣ በሙዝና በቀርከሃ ተሸፍነው ተጠጋግተዋል፤ ዙሪያቸውን ውሃ የቋጠረ የሩዝ ማሳ ነው። ከሩቅ ሲያዩት መንደሩ ከውሃ መሐል የበቀለ ጫካ ይመስላል።

የአስተዳደሩ ስም ዴሳ ነው። አንድ ዴሳ ዱሱን የሚባሉ በርካታ ጎጦች አሉት፤ ከዚያም በታች ጥቂት ደርዘን ቤቶች የሚታቀፉበት "ኤርቴ" የሚባል የጎረቤት ስብስብ አለ። የዴሳው አለቃ በነዋሪው ድምፅ ይመረጣል፤ የሥልጣን ዘመኑ 6 ዓመት ነበር፣ በ2024 ወደ 8 ከፍ ብሏል። በብዙ የጃቫ መንደሮች ሹማምንቱ እስከ ዛሬ "ታናህ ቤንግኮክ" የሚባል መሬት አላቸው። ሹመቱ እስካለ ያርሱታል ወይም ያሳርሱታል፤ ሲሻሩ ለተተኪው ይለቃሉ። አባቶቻችን ማደሪያ የሚሉት ዓይነት መሆኑ ነው።

ከሩዝ እርሻ ምን ያህል ይገኛል?

ከሚጠበቀው በጣም ያነሰ። መስኖ ያለው ማሳ በዓመት ሁለቴ፣ አንዳንዱም ሦስቴ ሩዝ ይሰጣል፤ አፈሩ የእሳተ ገሞራ አፈር ነው፣ ምርታማነቱ አያነጋግርም። የሚያነጋግረው ስፋቱ ነው። ብዙ ገበሬ ያለው ከግማሽ ሄክታር በታች ነው። እንዲህ ያለውን ገበሬ በቋንቋቸው "ጉሬም" ይሉታል፤ በመላ አገሪቱ የጉሬም ቤተሰቦች በ2013 ከ14 ሚሊዮን በላይ ነበሩ፣ በ2023 ቆጠራ ወደ 17 ሚሊዮን ተጠግተዋል።

እስቲ እናስላው። ሩብ ሄክታር ያለው ሰው ቢቀናው ወደ 1,400 ኪሎ ያልተፈለፈለ ሩዝ ያገኛል። መንግሥት በ2025 መጀመሪያ የቆረጠው የመግዣ ዋጋ በኪሎ 6,500 ሩፒያ ነው፤ ሲባዛ 9 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። የማዕከላዊ ጃቫ ዝቅተኛ የወር ደመወዝ በዚያው ዓመት 2.17 ሚሊዮን ሩፒያ ግድም ነበር። ችግኙ ከሚፈላበት ቀን አንስቶ እስከ አጨዳው አራት ወር ቢፈጅ፣ ገበሬው ጥሬ ገቢውን አግኝቶ የፋብሪካ ወለል ከሚጠርገው ሰው ጋር እኩል ነው። ከዚያ ላይ ገና የትራክተሩ ኪራይ፣ ማዳበሪያው፣ የተካዮቹ የቀን አበልና የአጫጆቹ ድርሻ ይወጣል።

ብዙዎች ሰብሉን ሳያጭዱት በቁሙ ለነጋዴ ይሸጡታል፤ "ተባሳን" ይባላል። ነጋዴው መጥቶ ማሳውን በዓይኑ ይገምታል፣ ይከራከራሉ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል፣ አጫጆቹን ራሱ ያመጣል። ገበሬው ዋጋ እንደሚጎዳበት ያውቃል፤ ግን ዝናብ ቢመታው፣ አይጥ ቢበላው ኪሳራው የነጋዴው ነው።

ታዲያ ከሩዝ ሌላ ምን አላቸው?

በበጋ በቆሎ፣ ኦቾሎኒ፣ አኩሪ አተርና ካሳቫ ይዘራሉ። ጓሮው ኮኮናት፣ ፓፓያ፣ ዶሮ፣ ሁለት ሦስት ፍየል ይይዛል። ደጋው ሌላ ዓለም ነው፤ በዲየንግ አምባ ድንች፣ በተማንጉንግ ትምባሆ ይመረታል። ኮረብታ ላይ "ሴንጎን" የሚባል ቶሎ የሚያድግ ዛፍ ይተክላሉ፤ የኛ ገበሬ ባሕር ዛፍን እንደሚይዘው ነው የሚይዙት። ልጅ ሲዳር ወይም ሞተር ሳይክል ሲገዛ አምስት ስድስት ግንድ ይወድቃል።

እርሻው ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ፣ ያ ሁሉ አዲስ ቤት በምን ተሠራ?

በሄደ ሰው ገንዘብ። ወንዱ ጃካርታ ግንባታ ላይ ወይም ማሌዥያ ፓልም እርሻ ውስጥ ነው፤ ሴቷ ሆንግ ኮንግ፣ ታይዋን፣ ሲንጋፖር ወይም ሳዑዲ የሰው ቤት ትሠራለች። ሪያድና ጅዳ የሠራች ሐበሻ ይህን ከእኔ መስማት አያስፈልጋትም፤ አብራት ሩዝ የቀቀለችው ጃቫዊት ባልደረባዋ በስልኳ ያሳየቻት ባለ ሴራሚክ በረንዳ ቤት ያ ነው። ኢንዶኔዥያ በ2015 ወደ 19 የመካከለኛው ምሥራቅ አገሮች የቤት ሠራተኛ መላክ ከልክላለች፤ በሕገወጥ መንገድ የሚሄደው ግን አልቆመም።

ቤቱ ውስጥ የሚኖረው ማነው ብትሉ፣ አያትና የልጅ ልጅ። ባለቤቶቹ የሚመጡት በዒድ ሰሞን ነው፤ "ሙዲክ" ይሉታል፣ የአገሩ መንገድ ሁሉ ይዘጋል፣ መንደሩ ለአሥር ቀን ያህል ይሞላና መልሶ ጭር ይላል። "ማንጋን ኦራ ማንጋን፣ ኩምፑል" የሚል አባባል አላቸው፦ ተበላም አልተበላ፣ ዋናው አብሮ መሆን። አባባሉ አሁንም በየግድግዳው ተሰቅሏል፤ ልጆቹ ግን የሚበላው ወዳለበት ሄደዋል።

ኑሮ ርካሽ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ምግቡ አዎ። ከአኩሪ አተር የሚሠሩትን ቴምፔና ቶፉ፣ ቅጠላ ቅጠልና ሩዝ ለሚበላ ሰው ወጪው ትንሽ ነው። መብራት አለ፣ ሞተር ሳይክል በየቤቱ አለ፣ ማገዶው በ3 ኪሎ አረንጓዴ የጋዝ ሲሊንደር ተተክቷል።

የማይረክሰው ማኅበራዊው ነው፤ ይህን ሳያውቅ በጀት የሚያወጣ ይሳሳታል። ሠርግ፣ ግርዛት፣ የእርጉዝ ሰባተኛ ወር፣ የሟች ሦስተኛ፣ ሰባተኛ፣ አርባኛ፣ መቶኛና ሺኛ ቀን ሁሉ ጥሪ አለው። የሠርግ ስጦታ በፖስታ ይሰጣል፣ ስምና መጠን በደብተር ይጻፋል፤ የአንተ ተራ ሲደርስ በዚያው ልክ ይመለሳል። ከአዝመራ በኋላ የሠርግ ወቅት ሲመጣ ማዳበሪያ ሊገዛበት የነበረ ገንዘብ በፖስታ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። እምቢ ያለ የለም።

ከጎረቤት ጋር መኖር ይከብዳል?

ለሐበሻ አይከብድም፤ ግማሹን ከቤቱ ያውቀዋል። "አሪሳን" እቁብ ነው፣ ዕጣው ጭምር። የለቅሶ መረዳጃ ማኅበራቸው እድር ነው። "ሳምባታን" ቤት ሲሠራ የሚወጣ ደቦ ነው። "ስላመታን" ደግሞ ጎረቤት ወንዶች በወለል ላይ ተቀምጠው ዱዓ አድርገው ሩዝና ዶሮ ተቋጥሮላቸው የሚሄዱበት ግብዣ ነው። እኔ በጣም የወደድኩት "ጂምፒታን" የሚሉትን ነው፦ የሌሊት ሮንድ የሚዞሩት ተረኞች ከየቤቱ ደጃፍ ከተሰቀለች ቆርቆሮ አንድ ጭብጥ ሩዝ ወይም ሳንቲም ይሰበስባሉ፤ ተጠራቅሞ የመንደሩ ወጪ ይሸፈንበታል። ቆርቆሮዋ ባዶ ከሆነች ተረኛው በሩን ያንኳኳል፤ ቤቱ ችግር ገብቶ እንደሆነ የሚታወቀውም በዚያው ነው።

ከባዱ ቋንቋው ነው። ኢንዶኔዥያኛ በጥቂት ወራት ይለመዳል። ጃቫኛ ግን ደረጃ አለው፤ ለእኩያ "ንጎኮ"፣ ለታላቅ "ክሮሞ"። የኛ "አንተ"ና "እርስዎ" የሚለወጠው በግሡ መድረሻ ነው፤ እነሱ ግን "በላ"፣ "ሄደ"፣ "ተኛ" የሚሉትን ቃላት ራሳቸውን ይለውጣሉ። አማቴን በመጀመሪያው ቀን እንደ ፍየል ጠባቂ ጓደኛዬ ነው ያናገርኳቸው፤ ሳቁብኝ እንጂ አልተቆጡም።

የተፈጥሮ አደጋስ?

እንደ ቦታው ነው፤ ከመከራየታችሁም በፊት ጠይቁ። ሜራፒ ተራራ በ2010 ፈንድቶ ከ300 በላይ ሰው ገድሏል፤ ቆይቶ ግን ሰዉ ተመልሶ እዚያው አረሰ፣ ለም የሚያደርገውም ያው አመድ ነውና። በግንቦት 2006 ዮግያካርታን የመታው የመሬት መንቀጥቀጥ ከ5,700 በላይ ሰው ፈጅቷል፤ ብዙው የሞተው ብረት ያልገባበት የጡብ ግድግዳ ተደርምሶበት ነው። ባንጃርነጋራ ኮረብታው ይንሸራተታል። ጉኑንግ ኪዱል የኖራ ድንጋይ አገር ስለሆነ ዝናቡን ምድር ትውጠዋለች፤ በበጋ ውሃ በቦቴ ይገዛል።

አይጥንም አትናቁ። በስራገንና በንጋዊ ገበሬዎች ማሳቸውን በኤሌክትሪክ ሽቦ እያጠሩ አይጡን ሲገድሉ ሰውም ሞቷል። ሌሊት በማያውቁት የሩዝ ድንበር ላይ አይኬድም።

የውጭ ዜጋ እዚያ መሬት መግዛት ይችላል?

አይችልም። መሠረቱ የ1960ው የመሬት ሕግ ቁጥር 5 ነው። ሙሉው ባለቤትነት "ሃክ ሚሊክ" ይባላል፤ "ሃክ" ያው የምናውቀው ሐቅ ነው፣ ከዓረብኛ የመጣ። ይህን መብት የሚይዘው የኢንዶኔዥያ ዜጋ ብቻ ነው። የኛ ሰው እዚህ ላይ ይደናገራል፤ በኢትዮጵያ መሬት ስለማይሸጥ "እዚያ ከተሸጠ እኔም እገዛለሁ" ይላል። ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ ይወረሳል፤ በመካከላቸው ነው።

ሕጋዊ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው የውጭ ሰው "ሃክ ፓካይ" በሚባል የመጠቀም መብት ቤት ሊይዝ ይችላል፤ በ2021 ደንብ 30 ዓመት፣ ከዚያ 20፣ ከዚያ 30 እየታደሰ ይሄዳል። ነገር ግን ዝቅተኛ ዋጋ ተቆርጦለታል፣ በቢሊዮን ሩፒያ የሚቆጠር። የከተማ ቪላ ታስቦ የወጣ ነው፤ የመንደር ቤት እዚያ ዋጋ አጠገብ አይደርስም። ስለዚህ ለመንደር ኑሮ ያለው መንገድ ኪራይ ነው።

በታመነ ሰው ስም ብገዛስ?

ደላላው የሚመክራችሁ ይህንኑ ነው፦ ሰርተፍኬቱ በኢንዶኔዥያዊ ስም ይሁን፣ በጎን የብድር ውልና ውክልና ይፈረም። የዚያው ሕግ አንቀጽ 26 መሬትን ወደ ውጭ ዜጋ ለማስተላለፍ በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ የተደረገ ውል ፈራሽ ነው ይላል፤ መሬቱ ለመንግሥት ይሆናል፣ የተከፈለውም አይመለስም። ስሙን ያዋሰው ሰው ቢሞትስ? ወራሾቹ ሰርተፍኬቱን ይዘው ይመጣሉ፤ ፍርድ ቤት ቀርባችሁ "ሕጉን ለማምለጥ የተዋዋልነው ውል ይፈጸምልኝ" አትሉም። እኔ በባሊ እንዲህ ያደረጉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ እስካሁን የተሳካላቸውም አሉ። መሳካቱ ግን በስም አዋሹ ጤናና ጠባይ ላይ ያለ ነገር ነው።

ዜጋ የሆነች ባለቤቴ ትግዛ። ሻጩ "ሌተር ሴ አለኝ" ካለ ይበቃል?

አይበቃም። "ሌተር ሴ" በመንደሩ ጽሕፈት ቤት የሚቀመጥ፣ ከቅኝ ግዛት ዘመን የግብር አሠራር የወረደ መዝገብ ነው፤ ማን ግብር ይከፍል እንደነበር ያሳያል እንጂ ባለቤትነትን አያረጋግጥም። ብዙ ጊዜ የተጻፈው ከሞቱ አያት ስም ላይ ነው፤ ያ ማለት የሁሉም ወራሾች ፊርማ ያስፈልጋል፣ ሱማትራ ያለው አጎት ሳይቀር። በ2021 የወጣው ደንብ እንዲህ ያሉ አሮጌ ወረቀቶች በአምስት ዓመት ውስጥ እንዲመዘገቡ አዟል።

ከ2017 ወዲህ መንግሥት መንደር በመንደር እየለካ ሰርተፍኬት የሚሰጥበት ዘመቻ አለ፤ በጃቫ ለዝግጅቱ የተቆረጠው ክፍያ 150,000 ሩፒያ ነው። ሻጩ በዚያ ካወጣ በኋላ ግዙ። ሽያጩ የሚጻፈው ፈቃድ ባለው የመሬት ውል አዋዋይ ፊት ነው፤ ገዢ 5 በመቶ፣ ሻጭ 2.5 በመቶ ግብር አለባቸው። ድንበሩን ከጎረቤቶቹ ጋር በእግራችሁ ዙሩት። በዮግያካርታ ልዩ ግዛት ደግሞ አንድ ጥያቄ ጨምሩ፦ መሬቱ የሱልጣኑ ነው ወይስ የግል? እዚያ የሱልጣኑና ፓኩ አላም የሚባለው የመስፍኑ ቤት የራሳቸው ሰፊ መሬት አላቸው፣ ሰዉም በፈቃድ ይኖርበታል።

የሩዝ ማሳ ገዝቶ ቤት መሥራትስ?

እዚህ ሁለት ግድግዳ አለ። አንደኛው፣ በ1961 የወጣ ደንብ የእርሻ መሬት ባለቤት በዚያው ወረዳ እንዲኖር ያስገድዳል፤ የጃካርታ ሰው እንኳ በወጉ አይገዛም። እርግጥ የዘመድ መታወቂያ እየተዋሰ ይገዛል፤ ይህም ያው በሰው ስም መግዛት ነው። ሁለተኛው፣ የ2009 ሕግ ቁጥር 41 ለምግብ እርሻ የተከለሉ ማሳዎችን ከግንባታ ይጠብቃል። በመሬት አጠቃቀም ካርታው ላይ አረንጓዴ ከሆነ ቤት አይሠራበትም፤ ርካሽ የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው። "በኋላ ቀለሙን እናስቀይራለን" የሚል ሻጭ ሲገጥማችሁ ሻዩን ጠጥታችሁ ተነሡ።

ሳልገዛ ማረስ ይቻላል?

በኢንዶኔዥያዊ ቤተሰብ በኩል ይቻላል፤ ስልቶቹም ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ አይደሉም። "ማሮ" የእኩል ነው፦ ባለ መሬት መሬቱን፣ አራሹ ጉልበቱን፣ ምርቱ ለሁለት። "መርተሉ" ሲሶ ነው። "ጋዳይ" ደግሞ ቁልጭ ያለ ወለድ አገድ ነው፤ ገንዘብ አበድረህ ብድሩ እስኪመለስ ማሳውን ታርሳለህ። በ1960 የወጣ ሌላ ሕግ ከ7 ዓመት በላይ በጋዳይ የተያዘ የእርሻ መሬት ያለ ምንም ክፍያ እንዲመለስ ያዛል። መንደር ውስጥ ግን ይህን ሕግ የጠቀሰ ባለ ዕዳ አላየሁም፤ አበዳሪው ብዙ ጊዜ አጎት ነው።

መሬቱ ዋጋው ይጨምራል? ለትርፍ ይያዛል?

መንገድ ዳር ያለው ይጨምራል፤ ከማሳ መሐል ያለው ዓመታት ሳይነካ ይቀመጣል። ወሬው ሁሉ የሚነሣው የፍጥነት መንገድ ወይም ፋብሪካ ሲመጣ ነው። በ2021 መጀመሪያ በምሥራቅ ጃቫ ቱባን አውራጃ የሱሙርገነንግ መንደር ሰዎች መሬታቸውን ለነዳጅ ማጣሪያ ሸጠው ከ170 በላይ አዲስ መኪና ገዙ፤ ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። መንዳት የማይችሉም ገዝተው ነበር። ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 2022፣ ከዚያ አካባቢ ሰዎች ሥራ ይሰጠን ብለው ሰልፍ ወጡ፤ ከብቶቹን እየሸጠ እንደሚበላ የተናገረ አዛውንት በዜና ታየ።

ሁሉም አልሸጠም። በኬንደንግ ኮረብታዎች ሲሚንቶ ፋብሪካ ሲመጣባቸው ሴት ገበሬዎች በ2016 ጃካርታ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት እግራቸውን በሲሚንቶ አስቀብረው ተቀምጠዋል። እኔ መሬት ለትርፍ ልግዛ ለሚለኝ ሰው የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ገዝተህ የምትጠብቀው ትርፍ የሚመጣው የሌላው ማሳ ሲነቀል ነው፤ ያን ቀን ደግሞ አንተ የመንደሩ ሰው ላትሆን ትችላለህ።

ዜጋዋ የትዳር ጓደኛዬ ብትሞት ቤቱና ማሳው ምን ይሆናል?

በትዳር ውስጥ የተገዛ ንብረት የጋራ ስለሆነ፣ የንብረት መለያያ ውል ከሌለ ዜጋዋም ጭምር መግዛት ትከለከል ነበር። የ2016 የሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ውሳኔ ውሉን ከጋብቻ በኋላም መፈራረም ፈቅዷል፤ ስለዚህ ያረፈደ አልከሰረም። ከወላጅ የወረሰችው ግን ከመጀመሪያውም የግሏ ነው። እሷ ብትቀድም፣ ባል የወረሰውን ሃክ ሚሊክ በአንድ ዓመት ውስጥ ለዜጋ ማስተላለፍ ወይም መሸጥ አለበት፤ ካለፈ መብቱ ይጠፋል።

አብዛኛው ሰው በልጅ ስም ማድረግን ይመርጣል። በ2006 የዜግነት ሕግ የቅይጥ ትዳር ልጅ እስከ 18 ዓመት ሁለቱንም ዜግነት ይይዛል፣ እስከ 21 ድረስ አንዱን ይመርጣል። ኢትዮጵያም ጥምር ዜግነት ስለማትፈቅድ ምርጫው ከወላጅ አገር አንዱን መተው ነው። ውርሱ ራሱ እንዴት ይከፈላል ካላችሁ፣ "ሰፒኩል ሰገንዶንግ" የሚል ፈሊጥ አላቸው፤ ወንድ በትከሻው ባጋደመው ዘንግ ሁለት ቅርጫት ይሸከማል፣ ሴት በጀርባዋ አንድ ታዝላለች፤ ድርሻውም እንደዚያው። ብዙ ቤተሰብ ግን እኩል ያካፍላል፣ ወላጅን የጦረው ልጅ ቤቱን ይይዛል። የባለቤቴ ወገን ስድስት ናቸው። የእኛ ልጅ ዘንድሮ 9 ዓመቷ ነው፤ አማቴ የሚደርሳትን በእግራቸው ለክተው አሳይተዋታል፤ ቁመቱ 40 እርምጃ፣ ወርዱ 18፣ ውሃ የሚገባበት በምሥራቅ በኩል።